ከግንድ እስከ ደረሰኝ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ ከጀርባው ትቶ ብዙም ሳይቆይ ሁምቦ ወረዳ ይገባል። የወረዳዋ ከተማ ጠበላ ናት፤ መሬቱ ወደ አባያ ሐይቅ እየዘቀዘቀ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት ራቁቱን የነበረው የሁምቦ ተራራ ዛሬ ደን ለብሷል። ስለ ደኑ ብዙ ተጽፏል፤ ፊልምም ተሠርቶለታል። ይህ ጽሑፍ የሚያደንቀው ግን የደኑን መዝገብ ነው። በ2,728 ሄክታር ላይ የቆመው ዛፍ በቅጽ፣ በካርታና በስሌት ተይዟል። ያ መዝገብ ባይኖር ደኑ ይኖር ይሆናል፤ ከባሕር ማዶ የመጣለት ገንዘብ ግን አይመጣም ነበር።

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፎቶግራፍ ነው። ለዚህም ምክንያት አለን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራና የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳዩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት በዚያ ምስል ጉልበት የቆመ ነበር። ምስሉ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዋጋው ግን ነበረው። ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፤ ሰጪውም ያወጣው ገንዘብ የት እንደደረሰ ሄዶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ሁምቦም የዚያ ዘመን ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ሃያ ምናምን ዓመት ቆይታ ግን ያው ወረዳ ማንንም ሳታስለቅስ፣ የማንንም ልጅ አጥንት ሳታሳይ፣ በልኬት ብቻ ገንዘብ አገኘች። የሁምቦ መዝገብ እንደ እጅ ሥራ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጉቶ ነው። የተራራው ዛፍ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ ጎርፉ አፈሩን ወደ ቆላው ያጥበው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2004 የረድኤት ድርጅቶቹ የዎርልድ ቪዥን አውስትራሊያና የዎርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ባለሙያዎች እዚህ ምን ሊደረግ እንደሚችል መመርመር ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቶኒ ሪናውዶ ነበር። ይህ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር ውስጥ ሲሠራ፣ ሞተ የተባለው ዛፍ ከመሬት በታች ሕያው ሥር እንዳለው ልብ ብሎ፣ ከዚያ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ መርጦና ገርዞ የማሳደግን ዘዴ ለገበሬዎች ያስፋፋ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። በሁምቦም መሬቱ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ፤ ከየጉቶው ከፈሉት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ተመርጠው ቀሪዎቹ ተገረዙ። ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ደን የተመለሰው እንዲህ ነው፤ ጉቶ የጠፋበት ቦታ ደግሞ ችግኝ ተተከለበት። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመሬቱን የተጠቃሚነት ማረጋገጫ ከመንግሥት ተረከቡ።

ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነው። ፈንዱ ደኑ ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለማኅበራቱ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 726,000 ዶላር ይገባል ተባለ። ሁለቱን ቁጥሮች ያካፈለ ሰው የአንዱ ቶን ዋጋ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሆኑን ያገኛል። እንግዲህ ገዢው ዋሽንግተን ተቀምጧል፤ ሸቀጡ አይታይም፣ አይጫንም፣ መጋዘን አይገባም። ቡና ቢሆን ቀምሶ፣ በርበሬ ቢሆን አሽትቶ ይገዛ ነበር። እዚህ ግን ከጽሑፍ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ የጽሑፉ ጥራት የሸቀጡ ጥራት ሆነ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ድሮው ነው። የኪዮቶ ስምምነት የዘረጋው፣ ሽያጩም የተካሄደበት የንጹህ ልማት አሠራር፣ መሬቱ ታኅሣሥ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. ማለትም በፈረንጆች 1989 የመጨረሻ ዕለት፣ ደን እንዳልነበረበት ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር። ደንቡ ብልህ ነው፤ ሰው ደኑን ዛሬ ቆርጦ ነገ በማልማት ስም ገንዘብ እንዳይቀበል በሩን ይዘጋል። ደን ማለት ምን እንደሆነም አስቀድሞ ተወስኗል፤ ኢትዮጵያ ለዚህ አሠራር ያሳወቀችው መለኪያ ቢያንስ ግማሽ ሺህ ካሬ ሜትር ስፋት፣ 20 ከመቶ የቅጠል ሽፋንና 2 ሜትር ቁመት ነበር። ለሁምቦ ሽማግሌ ተራራው በዚያን ጊዜ ባዶ እንደነበር መናገር ቀላል ነው። መዝገቡ ግን የሽማግሌውን ትዝታ ከካርታና ከምስል ጋር አስታርቆ፣ ከወሰን እስከ ወሰን በጂፒኤስ ነጥብ አስሮ ማስቀመጥ ነበረበት።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። የ2,728 ሄክታርን ዛፍ አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል መሬቱ እንደ ዕፅዋቱ ዓይነትና ዕድሜ በየክፍሉ ይመደባል፤ በየክፍሉም ቋሚ ናሙና መሬቶች ይመረጣሉ። ለካዩ ደስ ያለውን ቦታ አይመርጥም። መነሻው በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ገደል ላይ ከጣለው ገደል ይወርዳል፣ እሾህ ውስጥ ከጣለው እሾህ ይገባል። የናሙናው መሬት ምልክት ችካል ነው፤ ጥበቡም የሚጀምረው ከዚህ ችካል ነው። ጎልቶ መታየት የለበትም። ጠባቂው የሚለካው የትኛው እንደሆነ ካወቀ ያንኑ ቦታ አሳምሮ ጠብቆ ሌላውን ሊዘነጋ ይችላል፤ በዚህም ናሙናው ስለ ተራራው እውነቱን መናገር ያቆማል። ስለዚህ ችካሉ ለመዝገቡ ባለቤት የሚገኝ፣ ለሌላው ግን ዓይን የማይስብ ሆኖ ይተከላል። የሰውን ድካም ሳይጠራጠሩ የሰውን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ያሰቡት ነገር ነው።

ለካዩ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ሜትሩን የሚያዞረው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረቱ አካባቢ ነው። ቁመቱ የተወሰነው ዛሬ የለካውና ከ5 ዓመት በኋላ የሚለካው ሌላ ሰው አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ከየት በኩል? ከላይኛው በኩል ቆሞ። ከአንድ ጉቶ ሦስት ግንድ ከወጣስ? ከደረት በታች የተከፈለ ግንድ ሁሉ ለየብቻው ይለካል። ይህ ደንብ ሌላ ቦታ አልፎ አልፎ የሚያስፈልግ ይሆናል፤ ከጉቶ በተመለሰው በሁምቦ ደን ግን የዕለት ተዕለት እንጀራ ነው። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናውና ግራሩ እንደየስማቸው ይጻፋሉ፤ ሁሉም እኩል አይከብዱምና።

ዳገቱ ሌላም ሒሳብ ያመጣል። 30 ዲግሪ በሚያዘነብል ተራራ ላይ በሜትር የተዘረጋ 20 ሜትር፣ ካርታ ላይ 17 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያላረመ ለካይ የናሙናውን መሬት ከልኩ አስፍቶ ያየዋል፤ በሄክታር ያለው ዛፍም በወረቀቱ ላይ ከእውነቱ ያንሳል። እዚህ ላይ ትክክለኛነት ለገዢው ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ግድ የለሽ ልኬት የማኅበሩን የራሱን ሀብት ይበላል።

የግንድን ውፍረት ወደ ክብደት መለወጥ የከብት ነጋዴ ሥራ ይመስላል። የሶዶ ገበያ ደላላ በሬውን ሚዛን ላይ ሳያወጣ፣ ደረቱን በዓይኑ ለክቶ ሥጋውን ይገምታል፤ ያን ዓይን የሰጠው ከዚህ በፊት ታርደው ያየው ብዙ በሬ ነው። የደን ባለሙያውም ቀመር እንዲሁ የተገኘ ነው፤ ሌላ ጊዜ ተቆርጠው፣ ደርቀውና ተመዝነው ከታወቁ ዛፎች። ደላላው ግምቱን ለራሱ ሲያስቀር ባለሙያው የቀመሩን ምንጭ ጽፎ ያስረክባል፤ ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው።

አንድ ዛፍ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ እንጨቱ 100 ኪሎ ነው እንበል። ሥሩ የዚያ ሩብ ቢሆን ጠቅላላው 125 ኪሎ ይሆናል። ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ 62 ኪሎ ተኩል። አንድ ካርቦን አየር ላይ ሳለ ከሁለት ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር በ44 ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል፤ 229 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በቶን 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሲታሰብ የዚህ ዛፍ ዋጋ አንድ ዶላር ገደማ ነው። ያን ዛፍ ያሳደገው የቀንበጥ ምርጫ፣ ግርዛቱ፣ የጥበቃው ሌሊት፣ ችካሉ፣ ሜትሩና ቀመሩ ሁሉ ወደዚህች አንድ ዶላር ይፈስሳሉ። ያው ዛፍ ከሰል ቢሆን በአንድ ቀን የበለጠ ሊያወጣ ይችል ነበር። የሁምቦ ሒሳብ የሚቃናው ዛፉ ከተሸጠም በኋላ ቆሞ ስለሚቀር ነው፦ ከሥሩ ሣር ታጭዶ ለከብት ይወሰዳል፣ ከግርዛቱ ማገዶ ይገኛል፣ አፈሩም ቦታው ላይ ይረጋል።

ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን መዝገቡ የሚቀንሰው ነገር ነው። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ወረቀት ያዘጋጀ ሁሉ እንዴት መደመር እንዳለበት ያውቃል። መቀነስን ግን የሁምቦ መዝገብ ያስተምራል። ሥራው ሳይጀመር የነበረው ቁጥቋጦ ይቀነሳል፤ የእኛ ልፋት አይደለማ። መሬቱ ሲከለል ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽ ሄዶ እዚያ ጉዳት ካደረሰ ያም ታስቦ ይቀነሳል። ከዚህ ተራራ እንጨት ስትለቅም የነበረች እናት ማገዶዋን አሁን ከየት ታመጣለች? ከሌላ ደን ከሆነ እሱም ከሒሳቡ ይወጣል። ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ዝቅተኛው ቁጥር ይመረጣል። የስሕተት መጠኑም ገደብ አለው፤ ናሙናው እውነተኛውን አማካይ 10 ከመቶ ባልበለጠ ልዩነት እንዲይዝ የሚበቃ ያህል መሬት ይለካል። «ልክ ነን» ማለት አይበቃም፤ ምን ያህል ልንሳሳት እንደምንችልም አብሮ ይጻፋል።

ወረቀቱም ዕድሜ ተቆርጦለታል። ሥራው የሚታሰብለት ዘመን 30 ዓመት ነው፤ መረጃው ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሌላ 2 ዓመት ተጠብቆ መቆየት አለበት። ዛሬ በእርሳስ ቅጽ የሚሞላ ወጣት ጡረታ ሊወጣ ሲል እንኳ ያ ቅጽ ሊጠየቅ ይችላል። ፕሮጀክት አልቆ መኪናው ሲመለስ ኮምፒውተሩም አብሮ የሚጠፋበትን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት መዝገብ ተመዘገበ። በኦክቶበር 2012፣ በኛ 2005 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ከገለልተኛ አካል ፍተሻ በኋላ ከ73,000 በላይ የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ለሳበው ካርቦን የሚሸጥ ማረጋገጫ፣ ተሰጠው። በአፍሪካ በሰፊ መሬት ላይ የተሠራ የደን ልማት ሲመዘገብም ሆነ ይህን ክሬዲት ሲያገኝ ሁምቦ የመጀመሪያው ነው። ከገቢው የእህል ወፍጮና ጎተራ ተሠራ። ሪናውዶ፣ ኢትዮጵያውያኑ ኃይሉ ተፈራና አሰፋ ቶፉ እንዲሁም ሌሎች ባልደረቦቻቸው ልምዱን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቫይሮንመንታል ማኔጅመንት በተባለው የምርምር መጽሔት አሳተሙት። ገዢ የጠየቀው ልኬት ለምሁራን ክርክርም በቃ ማለት ነው።

ለሁምቦ የተሰጠው ክሬዲት ጊዜያዊ ነው። ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ይችላልና ክሬዲቱ ቀኑ ሲደርስ ዋጋ ያጣል፤ በየ5 ዓመቱ ለካዮቹ ወደዚያው ችካል ተመልሰው ዛፉ አሁንም መኖሩን ማሳየት አለባቸው። ነጋዴዎች ይህን እንደ እንከን ቆጠሩት፤ የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ገበያም የደን ክሬዲትን ጭራሹን አልቀበልም አለ። ከሥራ ጥራት አንጻር ካየነው ግን ይህ የመዝገቡ ክብር ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል አገር ሁሉ ሰምቷል። የተተከለ ችግኝ ቁጥር ግን አንዴ ከተነገረ አያረጅም፤ ግማሹ ቢደርቅም ቁጥሩ ያው ነው። የሁምቦ ቁጥር ያረጃል፤ ካልታደሰም ይሞታል። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ተመልሳችሁ ፈትኑኝ እያለ ነው።

አድናቆት ግን ዓይን አይጋርድም። 726,000 ዶላር ለሰባት ማኅበራት በ10 ዓመት ሲከፋፈል ለአንዱ ማኅበር በዓመት ከ10,000 ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ የሥራው ጥራትና የሥራው ዋጋ አልተመጣጠኑም። ዋጋውን የሚወስነው ሩቅ ያለ ገበያ ነው፤ ገዢውም አንድ ብቻ ሲሆን ሻጭ አማራጭ የለውም። ደግሞም ይህ ሁሉ ሰነድ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዛፉን የጠበቀው አባል በወላይትኛ አስቦ፣ በወላይትኛ ተሰብስቦ፣ በወላይትኛ ወስኖ የሠራውን ሥራ ዋጋውን የሚናገረው መጽሐፍ ራሱ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ተቀምጧል።

መረጃ ለባለቤቱ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወላይታ እንደ ሌላው አገር ሁሉ የእድር ጸሐፊ መዝገቡን በጉባኤ ፊት ይዘረጋል፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ሐዘን ስንት ወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ የት ነው። ከአባላቱ አንዱ «ያቺን ገጽ ድገማት» ካለ ጸሐፊው ይደግማታል። የመዝገቡ እምነት የሚጸናው ስሙ የተጻፈበት ሰው ራሱ በቦታው ተቀምጦ ስለሚሰማ ነው። እድሩ የውጭ ኦዲተር የለውም፤ የሁምቦ መዝገብ ግን አለው። ሁምቦ ያጣው ደግሞ ያ ጉባኤ በእጁ የያዘውን ነው።

በሶዶና በዙሪያዋ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ገንዘብ የሚያሰባስቡ ብዙ ማኅበራት አሉ። የሚሸጡት ካርቦን የላቸውም፤ የሁምቦ ዘዴ ግን ለእነሱም ይሠራል። ረዳን ከሚሉት ላይ ያለ እነሱም ይሆን የነበረውን መቀነስ፤ ናሙናቸውን ከሚያምረው ክፍል ሳይሆን ዕጣ ከጣለው ክፍል መውሰድ፤ ባለፈው ዓመት ረዳነው ያሉትን ልጅ ዘንድሮም ትምህርት ላይ መሆኑን ሄደው ማየት። አንድ ጥንቃቄ ግን ይጨመርበታል። ዛፍ ስሙና ቦታው ቢጻፍ አያፍርም፤ ልጅ ግን ያድጋል፣ የተለጠፈውንም ፎቶ አንድ ቀን ያገኘዋል። ስለዚህ በሰው መዝገብ ላይ ችካሉ ከሁምቦው የበለጠ መሰወር አለበት፦ ለመርማሪ የሚገኝ፣ ለአደባባይ ግን የማይታይ።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ለካይ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ጂፒኤስ ባትሪ ይፈልጋል፣ ቅጽ የሚያስገባ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። ለጋሾች ደግሞ ገንዘባቸው በቀጥታ ችግረኛው ዘንድ ቢደርስ ይወዳሉ፤ የመዝገብ ወጪ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። የሁምቦ ምሳሌ ለዚህ መልስ አለው፤ እዚያ ልኬቱ ገንዘቡን ያመጣው እንጂ ከገንዘቡ የተቆረጠ ትርፍ ወጪ አልነበረም። ስለዚህ በሁምቦ ላይ ልጨምርበት የምሻው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ እሱም ርካሽ ነው፦ በየ5 ዓመቱ ውጤቱ ወደ ገዢው ከመላኩ በፊት በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በወላይትኛ ይነበብ። ለካዩ ችካል የተከለበትን ተራራ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው «ያቺን ገጽ ድገማት» ሊል ይገባዋል፤ ከኦዲተሩ በፊት ስሕተቱን ሊያገኝ የሚችለውም እሱ ነው።